የሚንቀጠቀጠው ታንኳ፦ የታተመ ሥዕልን በስልክ ካሜራ ስለማንቀሳቀስ የቀረበ ጥያቄና የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ደብረ ማርቆስ የምኖር ሠዓሊ ነኝ። ስለ ጎጃም የሠራኋቸውን አሥር ሥዕሎች በኤ3 መጠን አሳትሜ ለዐውደ ርእይ እያዘጋጀሁ ነው። የግሽ ዓባይ ምንጭ፣ የጮቄ ጅብራ፣ የአገው ፈረሰኞች፣ የጣና ታንኳና ጢስ ዓባይ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ሁሉም ዙሪያቸውን ከብራና መጻሕፍት በተወሰደ አንድ ዓይነት የሐረግ ጌጥ የተከበቡ ሲሆኑ፣ እንዳይበላሹ በሚያንጸባርቅ ላሚኔሽን አሸፍኛቸዋለሁ። ተመልካቹ ስልኩን ወደ ሥዕሉ ሲያዞር ሥዕሉ እንዲንቀሳቀስ እፈልጋለሁ። ሞከርኩት፤ ነገር ግን ምስሉ በወረቀቱ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም በታንኳው ሥዕል ላይ የፈረሰኞቹ እንቅስቃሴ ይመጣል፤ ታንኳው በትክክል በመጣ ጊዜም መጓዝ ሲጀምር ሁለት ታንኳ ይታያል። አንድ ወዳጄ የተሻለ ስልክ እንድገዛ መከረኝ። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የወዳጅዎ ምክር ከቅንነት የመጣ ቢሆንም ለጊዜው ገንዘብዎን ይያዙ። የጠቀሷቸው ሦስት ችግሮች፣ ማለትም የምስሉ መንቀጥቀጥ፣ የአንዱ ሥዕል እንቅስቃሴ በሌላው ላይ መምጣትና የታንኳው ሁለት ሆኖ መታየት፣ አንዳቸውም ከስልኩ የመነጩ አይደሉም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከታተመው ወረቀት፣ ሦስተኛው ደግሞ ከአኒሜሽኑ አሠራር የመጡ ናቸው። ውድ ስልክ ቢገዙ እነዚሁኑ ስሕተቶች አጥርተው ያዩአቸዋል እንጂ አይጠፉልዎትም። በዚህ ሙያ ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ሰው ሁሉ ድካሙን በአኒሜሽኑና በሶፍትዌሩ ላይ ካፈሰሰ በኋላ ሥራው የሚሰናከለው ወረቀቱ ላይ መሆኑን ነው። ስለዚህ ምላሼን ከወረቀቱ እጀምራለሁ፤ ብዙውን ቦታ የሚወስደውም እርሱ ነው።

በመጀመሪያ ስልኩ ሥዕልዎን እንዴት እንደሚያየው መረዳት ያስፈልጋል። ኦግመንትድ ሪያሊቲ፣ በአጭር አጠራሩ ኤአር፣ በካሜራ በሚታየው እውነተኛ ነገር ላይ በኮምፒውተር የተሠራ ምስልን የመደረብ ዘዴ ነው። ሥዕልን ለመለየት የሚሠራው ፕሮግራም ከካሜራው የመጣውን ምስል በቅድሚያ ቀለሙን ገፎ ወደ ነጭ፣ ግራጫና ጥቁር ይለውጠዋል። ከዚያም ብርሃንና ጨለማ በድንገት የሚገናኙባቸውን ጥጎች፣ ለምሳሌ የታንኳውን ሹል ጫፍ፣ የቅጠል መገንጠያ፣ የፈረስ ጆሮ የመሳሰሉትን እየለቀመ የእያንዳንዱን ነጥብ አካባቢ ይመዘግባል። እነዚህን ነጥቦች አስቀድመው ከሰጡት ማመሳከሪያ ምስል ጋር ያስተያያል፤ በቂ ነጥቦች በተመሳሳይ አቀማመጥ ከተገጣጠሙለት «ይህ የታንኳው ሥዕል ነው» ብሎ ይወስናል። ቀጥሎም ነጥቦቹ በእይታው ውስጥ ምን ያህል እንደተጣመሙና እንደጠበቡ በማስላት ስልኩ ከሥዕሉ አንጻር የት እንደቆመ ይገምታል፤ ቪዲዮውንም በወረቀቱ ላይ የተለጠፈ እስኪመስል ድረስ በዚያው ልክ አዛብቶ ይደርበዋል። ይህ ሁሉ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። የሚገጣጠሙት ነጥቦች ጥቂት ሲሆኑ ወይም በስሕተት ሲገጣጠሙ ግምቱ በየቅጽበቱ ይለዋወጣል፤ እርስዎ መንቀጥቀጥ ያሉት ይህንን የግምት መለዋወጥ ነው።

አሁን ወደ ሐረጉ እንምጣ። በቅዳሜ ገበያ ነጠላ ከለበሱ መቶ እናቶች መካከል የራስዎን እናት በነጠላዋ ብቻ ፈልጉ ቢባሉ አያገኟትም፤ የሚያውቋት በፊቷና በአካሄዷ ነው። ሐረግ ለዓይን እጅግ ያማረ ጌጥ ቢሆንም ለካሜራ ግን እንደዚያ ነጠላ ነው፤ አንዱ ጉንጉን ከቀጣዩ ጉንጉን ጋር አንድ ስለሆነ ፕሮግራሙ ከላይ በግራ ያለውን ጥጋጥግ ከታች በቀኝ ካለው ጋር ያምታታዋል። ይኸው ችግር በጥለት፣ በሰፌድና በሙዳይ አሠራር ላይም ያጋጥማል፤ የሚደጋገም ወይም ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ንድፍ ሁሉ ለዚህ ሥራ ደካማ ነው። የእርስዎ ጉዳይ የከፋው ደግሞ ያው አንድ ሐረግ አሥሩንም ሥዕሎች ስለከበባቸው ነው። ሐረጉ በጥቁርና በነጭ የጎላ በመሆኑ ፕሮግራሙ ከለቀማቸው ነጥቦች የሚበዙት የእርሱ ይሆናሉ፤ እነዚያ ነጥቦች ደግሞ በፈረሰኞቹም በታንኳውም ሥዕል ላይ ስላሉ ስልኩ የቱን እንዳየ ሊያረጋግጥ አይችልም። በታንኳው ላይ ፈረስ የጋለበው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ሐረጉን ማጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም እንዲህ ያለ ምክር ቢሰጥዎ አይቀበሉ። ማመሳከሪያ ምስሉን ለፕሮግራሙ ሲሰጡ ሐረጉን ቆርጠው በማውጣት ውስጣዊውን ሥዕል ብቻ ይስጡት፤ የወረቀቱ ነጭ ጠርዝና የክፈፉ እንጨትም አብረው አይግቡ። ኅትመቱ እንዳለ ይቆያል፤ የሚለወጠው ስልኩ እንዲያውቀው የሚነገረው ክፍል ብቻ ነው። ይህን ስታደርጉ የቪዲዮው ስፋትና ቁመት ምጥጥን ከተቆረጠው ምስል ጋር በትክክል መመሳሰል አለበት፤ አለበለዚያ እንቅስቃሴው ከሥዕሉ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ለወደፊት ሐረጉም ራሱ እንዲያገለግልዎ ከፈለጉ በአራቱ ማዕዘኖች ላይ የተለያዩ ነገሮችን፣ በአንዱ ወፍ፣ በአንዱ ቅጠል፣ በአንዱ ዓሣ እያደረጉ እኩልነቱን ይስበሩት፤ በየሥዕሉም ይለዋውጡት።

የታንኳው ሥዕል ሌላም ድክመት ሳይኖረው አይቀርም ብዬ እገምታለሁ፤ የጣናን ማለዳ የሚሥል ሰው ጉሙንና ውኃውን እያዋሐደ ሰፊውን ክፍል ባዶ መተው ስለሚወድ ነው። እንዲህ ያለው ለስለስ ያለ የቀለም ሽግግር ውበት ቢኖረውም ስልኩ የሚይዝበት ጥግ የለውም። ታንኳው ብቻውን በአንድ በኩል ተቀምጦ ቀሪው ጉም ከሆነ፣ ነጥቦቹ ሁሉ በአንድ ጥግ ስለሚከማቹ የወረቀቱ ሌላው ጫፍ ይወዛወዛል፤ በአንድ ችንካር ብቻ የተሰቀለ ሰሌዳ እንደሚወዛወዘው ማለት ነው። በባዶው ክፍል ጥቂት የደንገል ግንዶችን፣ የውኃ ሞገድ መስመሮችን ወይም የራቁ ደሴቶችን ዛፎች ቢጨምሩ፣ ወይም የብሩሹን ሻካራ አሻራ ቢተዉበት ችግሩ በእጅጉ ይቃለላል። ስለ ቀለምም አንድ ነገር ልጨምር፤ ቀይና አረንጓዴ ለዓይናችን ተቃራኒ ቢሆኑም የብርሃን መጠናቸው ከተቀራረበ ወደ ግራጫ ሲለወጡ አንድ ይሆናሉ። ሥዕሉን በስልክዎ አንሥተው ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት፤ የሥዕሉ መስመሮች ጠፍተው ግራጫ ምንጣፍ ከመሰለ ካሜራውም የሚያየው ያንኑ ነው። በቁጥር ማረጋገጥ ለሚፈልግ አርኮር የተባለው የጎግል የኤአር መሥሪያ ለእያንዳንዱ ምስል ከ0 እስከ 100 ነጥብ የሚሰጥ መመዘኛ አለው፤ 75ና ከዚያ በላይ ያገኘ ምስል እንዲመረጥ ይመከራል። ቩፎሪያ የተባለው ሌላ የኤአር መሥሪያም እንዲሁ እስከ አምስት ኮከብ ድረስ ይመዝናል።

ላሚኔሽኑን በተመለከተ እኔ ራሴ በሠራሁት ስሕተት ልንገርዎ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባሕር ዳር ውስጥ ባዘጋጀሁት አነስተኛ ትርኢት ሥዕሎቹን ሁሉ በቤቴ ጠረጴዛ ላይ ፈትሼ፣ አንዱም ሳይንቀጠቀጥ፣ ደስ ብሎኝ በመስታወት አስገብቼ ሰቀልኳቸው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሐይቁ በኩል ባለው መስኮት ስትገባ ስልኮቹ በሙሉ ከሥዕሉ ይልቅ መስኮቱንና የያዛቸውን ሰው ፊት ማየት ጀመሩ። እንግዶች እየጠበቁ በመጠምዘዣ መስታወት ስነቅል የዋልኩበት ቀን ስለሆነ አልረሳውም። የሚያንጸባርቅ ላሚኔሽንም ከመስታወት አይለይም፤ ነጸብራቁ ባረፈበት ቦታ ያሉትን ነጥቦች ያጠፋቸዋል፤ ተመልካቹ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ነጸብራቁም ስለሚንቀሳቀስ ሐሰተኛ ነጥቦችን ይፈጥራል። የማያንጸባርቅ፣ ማት የሚባለውን ላሚኔሽን ይጠይቁ፤ ካልተገኘ ያለ ላሚኔሽን በወፍራምና በደብዛዛ ወረቀት ማሳተሙ ይሻላል። አሁን በእጅዎ ያሉትን አሥር ቅጂዎች ግን አይጣሏቸው፤ መብራቱ ከፊት ለፊት ሳይሆን ከላይ በጎን እንዲወድቅባቸው ካደረጉና በመስኮት ትይዩ ካልሰቀሏቸው ሊያገለግሉ ይችላሉ።

መጠኑን በሚመለከት ኤ3፣ ማለትም 29.7 በ42 ሴንቲ ሜትር፣ መልካም ምርጫ ነው። የአርኮር መመሪያ የታተመው ምስል ከ15 በ15 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ፣ ጠፍጣፋ እንዲሆንና መጀመሪያ ሲታወቅ ከካሜራው እይታ ቢያንስ 25 በመቶውን እንዲሞላ ይጠይቃል፤ ይህም በተለመደ የስልክ ካሜራ ሲሰላ ተመልካቹ ከሥዕሉ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቆ እንዲቆም ያስገድዳል። ስለዚህ ከሥዕሉ በታች ጠረጴዛ ወይም የአበባ ማስቀመጫ እንዳያቆሙ፤ ሰው መቅረብ መቻል አለበት። ለማተሚያ ቤቱ የሚሰጡት ፋይል በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲሰላ 3508 በ4961 ፒክሰል መሆን ሲገባው፣ ለስልኩ የሚሰጡት ማመሳከሪያ ግን ረጅም ጎኑ 1000 ፒክሰል ቢሆን ይበቃዋል፤ ማመሳከሪያውን ማግዘፍ የሚያስገኘው ጥቅም የለም። ከዚህ ይልቅ ማመሳከሪያው ኅትመቱን መምሰሉ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ማተሚያው ጥቁሩን ካደበዘዘው ወይም ቀለሙን ካጨለመው የኮምፒውተሩን ፋይል ትተው የታተመውን ወረቀት በስካነር አንሥተው እርሱን ይጠቀሙ። በባነር ላይ ማተምን ደግሞ ፈጽሞ አልመክርም፤ ባነር ነፋስ ባገኘው ቁጥር ስለሚነፋ ጠፍጣፋነቱን ያጣል።

ሁለቱ ታንኳዎች የመጡበት ምክንያት ቀላል ነው፤ አስቀድሞ ያላሰበበት ሰው ሁሉ የሚወድቅበትም ነው። በወረቀቱ ላይ የታተመው ታንኳ ከቦታው አይነሣም። አኒሜሽኑ ያንኑ ታንኳ ወደ ቀኝ ሲያስኬደው የታተመው እዚያው ስለሚቀር ተመልካቹ አንዱን ቆሞ፣ አንዱን ሲሄድ ያያል። ይህንን ለማስቀረት ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ቪዲዮው ሙሉውን ሥዕል እንዲሸፍን ማድረግ ነው፤ ወረቀቱ ከሥሩ ይደበቃል፤ በእንቅስቃሴው ላይ የሚታየው ሁሉ ከስካን የተወሰደ ይሆናል። ይህ ቀላልና አስተማማኝ ነው፤ ጥቂት ቢንቀጠቀጥም እንኳ ጎልቶ አይታይም። ጉዳቱ ተመልካቹ የሚያየው ወረቀትዎን ሳይሆን በወረቀቱ ላይ የተቀመጠ ቴሌቪዥን መምሰሉ ነው፤ የክፍሉ ብርሃን በወረቀቱ ላይ የጣለው ጥላና የወረቀቱ ገጽ ይጠፋሉ። ሁለተኛው የሚንቀሳቀሰውን ብቻ ጀርባው ገላጣ በሆነ ቪዲዮ መደረብና ታንኳው በነበረበት ቦታ ላይ ከሥሩ የሚሸፍን የውኃ ቁራጭ መሣል ነው። የዚህ ቁራጭ ቀለም ከታተመው ውኃ ጋር በአዳራሹ ብርሃን ሲታይ እንዲመሳሰል ማድረግ አድካሚ ነው፤ ጠርዙን ካላደበዘዙት እንደ እራፊ ይታያል።

ሦስተኛውን መንገድ እኔ አብልጬ እመርጠዋለሁ፤ ቦታውን የሚለቅ ነገር አለማንቀሳቀስ ነው። ታንኳው ባለበት ይቁም፤ ውኃው ከሥሩ ይሞገድ፤ በኅትመቱ ላይ ያልነበሩ ወፎች ከአንድ ጥግ ገብተው በሌላው ይውጡ። አዲስ የሚገባ ነገር የሚሸፍነው የቀድሞ ምስል ስለሌለው መለጠፊያ አያስፈልገውም። ብዙ ሠዓሊዎች ሁሉ ነገር ካልተንቀሳቀሰ አኒሜሽን የሆነላቸው አይመስላቸውም፤ ነገር ግን ጸጥ ባለ ሥዕል ላይ አንድ ነገር ብቻ ሲንቀሳቀስ ዓይን እርሱን ይከተላል፤ ሁሉም ሲንቀሳቀስ የቱንም አይከተልም።

ከዘረዘሯቸው ሥዕሎች መካከል ለዚህ ጥበብ የተፈጠረ የሚመስለኝ ጢስ ዓባይ ነው። በበጋ ወራት ውኃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ ፏፏቴው ይሳሳል፤ በክረምት ግን ስሙን ያወጣለት ጢስ ከሩቅ ይታያል። ኅትመቱ የበጋውን ዐለትና ቀጭን ውኃ ቢያሳይ፣ ስልኩ ሲቀርብ ደግሞ ክረምቱ ቢመጣና ውኃው ዐለቱን ቢሸፍነው፣ እንቅስቃሴው ሥዕሉ ብቻውን ሊናገረው የማይችለውን ነገር ተናገረ ማለት ነው። ጥቁሩ ዐለት ደግሞ በስንጥቅና በጥግ የተሞላ ስለሆነ ለካሜራው ምርጥ መያዣ ይሆናል። የጮቄ ጅብራም እንዲሁ ነው፤ ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ዘርግቶ ከኖረ በኋላ አንድ ጊዜ ረጅም የአበባ ዘንግ አውጥቶ ይሞታል፤ ዘንጉ በኅትመቱ ላይ ሳይኖር በስልኩ ላይ ቢወጣ መልካም ነው።

በፈረሰኞቹ ላይ ግን እንዲጠነቀቁ እፈልጋለሁ። ፈረስን ማስጋለብ ከከባዶቹ የአኒሜሽን ሥራዎች አንዱ ነው። የግልቢያ አንድ ዙር እርምጃ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ በሰከንድ 24 ፍሬም (ቋሚ ምስል) ሆኖ እያንዳንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ሲቆይ በዚያች ግማሽ ሰከንድ ውስጥ የሚያስፈልጉት ስድስት ሥዕሎች ናቸው። ስድስት ሥዕል ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ከስድስቱ አንዱ ላይ እግሩ ከተሳሳተ ተመልካቹ ምን እንደተሳሳተ ሳያውቅ ፈረሱ እንዳነከሰ ያውቃል። ተመልካችዎ ደግሞ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን ሲያይ ያደገ ሰው ሊሆን ስለሚችል የፈረስን አረጋገጥ አይታለልም። እግሩን ትተው አቧራውን፣ ጋማውንና በኮርቻው ላይ የተንጠለጠለውን ጌጥ ቢያንቀሳቅሱ በትንሽ ድካም ብዙ ያገኛሉ።

ከዝርዝርዎ ውስጥ የገዳማት ሥዕል መኖር አለመኖሩን አልነገሩኝም፤ ነገር ግን ከዘጌ ገዳማት፣ በተለይም ከዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳዎች የተወሰደ ምስል ለማንቀሳቀስ የሚጠይቁኝ ሠዓሊዎች ስላሉ በዚህ አጋጣሚ ጥቂት ልበል። እነዚያ ሥዕሎች ለጌጥ የተሣሉ ሳይሆኑ የሚሰገድላቸውና የሚጸለይባቸው ስለሆኑ የገዳሙ አባቶች ሳይፈቅዱ አይነኩም። ከፈቃዱ ባሻገር ደግሞ የአሣሣል ሥርዓታቸው ራሱ እንቅስቃሴን ይከለክላል፤ በባህላዊው የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ሲሣሉ፣ ክፉዎች በአንድ ዓይን በጎን ይሣላሉ። ቅዱሱን በአኒሜሽን ፊቱን ወደ ጎን አዞሩት ማለት ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ሲያየው ከጻድቃን ወገን አወጡት ማለት ነው። እዚህ ላይ አለማንቀሳቀስ የባለሙያ ውሳኔ ነው። ሌላ ሰው ያነሣውን ፎቶግራፍ ወይም የሣለውን ሥዕል መነሻ ካደረጉም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ስለሚመለከትዎ ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዙ።

አኒሜሽኑን ለመሥራት ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግዎትም፤ ክሪታና ብሌንደር ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። የታተመውን ሥዕል ስካን አድርገው የፊቱን፣ የመካከሉንና የኋላውን ክፍል በየሌየሩ፣ ማለትም በተደራረቡ ገጾች፣ ይለያዩ፤ ከተቆረጠው ነገር ኋላ የሚቀረውን ቀዳዳ በራስዎ ብሩሽ ይሙሉት እንጂ ለኮምፒውተሩ አይተዉት፤ እጅዎ የሌለበት ቦታ ወዲያው ያስታውቃል። ከሁሉም በላይ የቪዲዮው የመጀመሪያ ፍሬም ከኅትመቱ ጋር አንድ ይሁን፤ ቢያንስ ለአንድ ሰከንድ ሳይንቀሳቀስ ይቆይ። ተመልካቹ የሚደነቀው ያየው ወረቀት ራሱ ሕይወት ሲዘራ ነው፤ ስልኩ ሲቀርብ ሌላ ምስል ድንገት ከዘለለ ግን ያ ስሜት ይጠፋል። የመጨረሻው ፍሬምም ወደ መጀመሪያው ይመለስ፤ ሰው ስልኩን ይዞ የሚቆመው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ይበቃል። ድምፅን በተመለከተ አጭር ምክር አለኝ፤ አይጨምሩ። አሥር ስልኮች በአንድ አዳራሽ አሥር ዓይነት ድምፅ ሲያሰሙ ገበያ ይሆናል፤ ከጨመሩም የስልክ ማሰሻዎች (ብራውዘሮች) ተመልካቹ ሳይነካ ድምፅ ያለው ቪዲዮ ስለማያጫውቱ የሚነካ ቁልፍ ያዘጋጁለት።

ወደ ማሳያው እንለፍ። ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንዱ ተመልካቹ አፕሊኬሽን አውርዶ የሚያይበት ሲሆን፣ ሌላው ኪው አር ኮድ አንሥቶ በስልኩ ማሰሻ በቀጥታ የሚከፍትበት ነው። ለዐውደ ርእይ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በር ላይ የቆመ ሰው አሥር ሥዕል ለማየት ሲል አፕሊኬሽን አያወርድም። ማይንድ ኤአር የተባለው ነፃና ክፍት ምንጭ ያለው መሣሪያ አሥሩን ማመሳከሪያ በአንድ ፋይል ውስጥ አጠቃልሎ በማሰሻ ያሠራል፤ ስልኩ ለአርኮር የተፈቀደ መሆኑንም አይጠይቅም፤ አነስተኛ ዋጋ ያላቸው ስልኮች በሚበዙበት አገራችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ኮድ መለጠፍ አያስፈልግም፤ በመግቢያው አንድ ይበቃል። በኮዱ ዙሪያ ከኮዱ ትንንሽ ካሬዎች የአራቱን ያህል ስፋት ያለው ባዶ ቦታ መተውን አይርሱ፤ ንድፍ አውጪዎች ለውበት ሲሉ ይህን ቦታ እየሞሉት ስልኩ ኮዱን ሳያነበው ይቀራል።

ችግሩ ኔትወርክ ነው። የ20 ሰከንድ ቪዲዮ በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ቢጨመቅ 5 ሜጋ ባይት ይሆናል፤ አሥሩ ሲደመሩ 50 ሜጋ ባይት ናቸው። ይህን ከእያንዳንዱ እንግዳ የስልክ ዳታ መጠየቅ ተገቢ አይመስለኝም፤ ቢፈቅድም ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ክብ ምልክት ሲሽከረከር ብቻ አይቶ ይሄዳል። ቪዲዮዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ሥዕሉ በታወቀ ጊዜ ብቻ እንዲጫኑ ማድረግ በጥቂቱ ያቃልለዋል። በአዳራሹ ውስጥ ዋይፋይ ዘርግተው ከላፕቶፕዎ ላይ ላሠራጭ የሚል ሐሳብ ይመጣልዎት ይሆናል፤ ነገር ግን ማሰሻዎች ካሜራውን የሚፈቅዱት የተመሰጠረና ሕጋዊ የምስክር ወረቀት ላለው አድራሻ ስለሆነ ያለ ኢንተርኔት በዚህ መንገድ መሥራት ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ታብሌቶችን ተውሰው ሥራውን በውስጣቸው ጭነው በመግቢያው ያስቀምጡ። ኢንተርኔት ያለው በስልኩ፣ የሌለው በታብሌቱ ያያል። ስልክ የሌላቸው አረጋውያንና ልጆችም አይቀሩም፤ በእኔ ትርኢት ላይ ታብሌቱን ይዘው ከሥዕል ሥዕል ብዙ የዞሩት እነርሱ ነበሩ።

ስለ ዕድሜው ጥቂት ማለት ይገባኛል፤ ጠያቂዎች ብዙውን ጊዜ ይህን የሚያነሡት ዘግይተው ነው። በደብዛዛ ወረቀት የታተመ ሥዕል በግድግዳ ላይ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ እንቅስቃሴውን የሚያመጣው አገልግሎት ግን ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ይዘጋል። ሜታ ስፓርክ የተባለው፣ በርካታ ሠዓሊዎች የኤአር ሥራቸውን ያስቀመጡበት መድረክ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2025 ሲዘጋ በእርሱ ላይ የተሠሩት ሥራዎች አብረው ጠፍተዋል። ከዚህ የተነሣ በኪው አር ኮዱ ውስጥ የሚያትሙት አድራሻ የራስዎ የሆነና ወደፈለጉበት ሊያዞሩት የሚችሉት ይሁን፤ የታተመ ኮድ አይታረምምና። የቪዲዮዎቹን፣ የየሌየሮቹንና የማመሳከሪያዎቹን ዋና ቅጂ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ያስቀምጡ። ሥዕሉን የሚሸጡ ከሆነም ለገዢው እንቅስቃሴው እስከ መቼ እንደሚሠራ ቃል የሚገቡትን በግልጽ ይንገሩት፤ እኔ ለገዢዎቼ ሥዕሉን እንደሸጥኩላቸው፣ እንቅስቃሴውን ግን እንዳዋስኳቸው እነግራቸዋለሁ። በዚህም ምክንያት ስልኩ ሲጠፋ ባዶ የሚሆን ሥዕል አይሠሩ፤ ጢስ ዓባይን በበጋው መልኩ መሣሉን የመረጥኩልዎ ክረምቱ ባይመጣም በጋው ራሱ ሙሉ ሥዕል ስለሆነ ነው።

እንግዲህ አሥሩንም በአንድ ጊዜ ለማስተካከል አይነሡ። የጢስ ዓባይን ሥዕል ብቻ ይምረጡ፤ ሐረጉን ከማመሳከሪያው ያውጡ፤ በደብዛዛ ወረቀት አንድ ቅጂ ያሳትሙ፤ የአሥር ሰከንድ ጥሬ አኒሜሽን፣ ባያምርም ግድ የለም፣ ይሥሩለት። ከዚያ ወረቀቱን ዐውደ ርእዩ በሚታይበት አዳራሽ ግድግዳ ላይ ለጥፈው በአካባቢው ሊያገኙት በሚችሉት አሮጌ ስልክ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አንድ ጊዜ፣ መብራት ከበራ በኋላም አንድ ጊዜ ይሞክሩት። በሦስቱም ሰዓት ካልተንቀጠቀጠ ወደ ዘጠኙ ይለፉ፤ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ አኒሜሽኑን ሳይነኩ ጥቁርና ነጭ ያደረጉትን ፎቶግራፍ እንደገና ይመልከቱና ባዶ የቀረውን ጥግ ይፈልጉ።